ዝቅ ያለው ባንዲራ

በትዳሬ ዘመን ከሚስቴ ጋር ያልተጨቃጨቅንበት አንድ ሳምንት አለ። ያን ሳምንት ያሳለፍነው ስዊድን ገጠር ውስጥ፣ ከአንድ የእንጨት ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወርን ነው። እኔ ደስተኛ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሞቶ ተቀብሮ ነበር። ሚስቴ ይህን ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም።

ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ለማስደንገጥ ብዬ አይደለም። አንባቢ ቢያንስ እኔ ከነበርኩበት የተሻለ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ነው። ነገርን አፍኖ ይዞ በመጨረሻ ማፍረጥ ሌሎች በእኔ ላይ ሠርተውታል፤ እኔ በሌላ ሰው ላይ አልደግመውም።

ጉዞው የሚስቴ ሐሳብ ነበር። ልጃችን ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ፣ ፍራንክፈርት ከተማ፣ ሽቫንሃይም ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀረን። ሳንጋጭ የምንነጋገረው ቆሻሻ ስለሚወጣበት ቀንና ስለ ማሞቂያው ነው፤ በቀረው ሁሉ እንከራከራለን። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አዛውንት ስታባብል ውላ ማታ ስትመጣ የሚያባብላት የለም። እኔ ኦስትሃፈን ወደብ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ገቢና ወጪ እቆጣጠራለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ማንም ያልጠየቀኝን አስተያየት እጽፋለሁ። ለባልነት ጥሩ ሙያ አይደለም።

«አንድ ኡርላውብ ብቻችንን እንውጣ» አለችኝ። «ከተመለስን በኋላ አብረን መኖር እንችል እንደሆነ እናውቀዋለን።»

እንዲህ በግልጽ። ጀርመኖች ለኡርላውባቸው፣ ማለትም ለዓመት ዕረፍታቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ይኖራሉ። እኛ ሐበሾች ግን ዕረፍት የምንወስደው ለሠርግ፣ ለቀብርና ቤት ቀለም ለመቀባት ነው። ስለዚህ ለጎረቤት ስንነግር ማንም አላመነንም። «ስዊድን ማን አላችሁ?» አሉን ከታች የሚኖሩት ኤርትራዊ አዛውንት። ማንም የለንም ስንላቸው በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘመድ የሌለበት አገር መሄድ በእሳቸው ዕድሜ ስደት እንጂ ሽርሽር አልነበረም።

አሁን ስለ ወንድሜ። ዕድሜውን የጨረሰው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። አባታችን ቀድሞን ስለሄደ እኔን ያስተማረኝ የእሱ መሪ ነው፤ ጎንደርና ደሴ እየተመላለሰ የገዛልኝን መጻሕፍት አንብቤ ነው ኋላ እሱኑ ለመከራከር የበቃሁት። በየእሁዱ ከሰዓት እደውልለታለሁ። ስለ ኳስ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ሽሮ አሠራር እንጣላለን፤ በሚቀጥለው እሁድ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ከመነሣታችን በፊት በነበረው እሁድ መንገዱን መረመረኝ።

«ስዊድን ገደል አለው?»

«የለውም ጋሼ። እኛ የምንሄድበት ሜዳና ጫካ ነው።»

«ጉድጓድስ?»

«አስፋልቱ መስታወት ነው አሉ።»

«ሰውስ? ከብት? አህያ?»

«ሰው የለም። አንዳንዴ አጋዘን ይሻገራል።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትነዳው? ቁጭ ብዬ እሄዳለሁ በል እንጂ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ፣ «ስማ፣ መሪ ይዘህ ከሚስትህ ጋር አትከራከር። ገደል ባይኖር እንኳ ፈልገህ ታገኛለህ» አለኝ።

ይህ የመጨረሻ ቃሉ ነው። ትልቅ ሰው ሲሞት ቃሉን ያሳምራል ይባላል፤ የእኔ ወንድም የትራፊክ ምክር ሰጥቶኝ ሄደ።

እስከ ሰሜን ጀርመን ነድተን፣ በመርከብ ተሻግረን ስዊድን ገባን። የምነዳው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሚስቴ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ወድቃ ተስፋ ቆርጣለች። የዚያ አገር የገጠር ማረፊያ እንግዳ ሥርዓት አለው። ቤቶቹ ሁሉ ቀይ ናቸው፤ ባለቤቱን አታየውም፤ ቁልፉን ከአበባ ማሰሮ ሥር ታገኘዋለህ። አንሶላህን ከቤትህ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ስትወጣ ወለሉን ወልውለህ፣ ምድጃውን ፈትገህ፣ ቆሻሻውን ለይተህ ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ በጽዳት ሠራተኛነት የሚቀጠርበት ሌላ አገር አላውቅም።

የመጀመሪያው ቤት ውስጥ በመወልወያው ተጣላን።

«ሥራዬ ላይ የሰው አልጋ አነጥፋለሁ። በኡርላውቤም ላንጥፍ?»

«እኔ ነኝ ወይ ሥርዓቱን ያወጣሁት? ለስዊድን ንጉሥ አመልክቺ።»

«አንተ ብትሆን ደግሞ ስለ መጥረጊያ ታሪክ ትጽፋለህ እንጂ አትጠርግም።»

እውነቷን ነው። ሳንነጋገር ወጣን፣ ሳንነጋገር ረጅም መንገድ ነዳሁ። የጥያቄያችን መልስ የተገኘ መስሎኝ ነበር፤ አብረን መኖር አንችልም።

ሁለተኛው ቤት ራቅ ብሎ፣ ሐይቅ ዳር ባለ የእርሻ ግቢ ውስጥ ነበር። እዚህ የቤቱ ባለቤት አሉ፤ በግ የሚያረቡ አሮጊት ናቸው፤ ጀርመንኛ በመጠኑ ይናገራሉ። እሳቸው ትልቁ ቤት፣ እኛ ትንሿ ጎጆ ውስጥ፣ በመካከላችን አንድ ረጅም የባንዲራ እንጨት። በማግስቱ ጠዋት እኔ ጫካ ለጫካ ስዞር የወንድሜ ልጅ ለሚስቴ ደወለች። ልቡ ነው አለቻት፤ በድንገት።

ስመለስ ሚስቴ ሐይቁ ዳር ካለው የእንጨት መረማመጃ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷና የፀጉሯ ጫፍ ርሷል።

«ዋኝተሽ ነው?»

«ፊቴን ታጥቤ ነው።»

«ዓይንሽ ቀልቷል እኮ።»

«ውኃው ይቆጠቁጣል።»

ተቀበልኩ። ብዙ ያነበበ ሰው ለሁሉም ነገር ማብራሪያ አያጣም፤ ስለ ሰሜን ሐይቆች አሲድነት አንድ ነገር እንዳልኳት ትዝ ይለኛል።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ከስልኩ በኋላ መጀመሪያ የደወለችው ለኤርትራዊው አዛውንት ነው። እሳቸው አማርኛውን አዲስ አበባ ተማሪ ቤት የተማሩ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ሐዘን ሲኖር የሚፈለጉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ መሪ የያዘ ሰው መርዶ አይነገረውም» አሏት። «ምንም እንዳታሳዪው፣ በሰላም ይዘሽው ነዪ። እዚህ በወጉ እናደርሰዋለን።»

በወጉ። ይህን ወግ በተመለከተ አቋሜ የታወቀ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማኅበራችን መጽሔት ላይ፣ የሞት ወሬ የሟች ዘመድ ሀብት እንጂ ጎረቤት ጎህ ሲቀድ ደረጃ ላይ ተሰልፎ የሚያድለው ራሽን አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ። ሰውን ሕፃን አድርጎ፣ ቀን ቆርጦ፣ ተሰብስቦ ማርዳት ጭካኔ ነው ብያለሁ። «የእኔ ሰው ሲሞት በስልክ፣ በሰዓቱ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ» ብዬ ነው የዘጋሁት። ብዙ ሰው አንብቦታል፤ አንዳንዶቹ አመስግነውኛል። ያመነኝ ግን አንድም አልነበረም።

ያን ቀን ምሳ ላይ ሚስቴ፣ «ስልኮቻችንን እናጥፋቸው» አለችኝ። «ሁልጊዜ አንተ የምትለው አይደል? እስክንመለስ ድረስ። ለልጃችን የአሮጊቷን ቁጥር ሰጥቻታለሁ።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ስልክ ሰውን አህያ አድርጎታል እያልኩ ስሰብክ ስንት ዓመቴ ነው! ሁለቱንም ስልክ በፎጣ ጠቅልላ ሻንጣዋ ሥር ቀበረቻቸው።

«እሁድ ለጋሼስ?» አልኳት።

«ስንመለስ ታወራዋለህ። የምትነግረው ይጠራቀምልህ።»

አጠራቀምኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያየሁትን ሁሉ ለእሱ እንዲሆን አድርጌ አየሁት። አጋዘን ይሻገራል የሚለውን ምልክት፣ ያለ ጠባቂ መንገድ ዳር የተተወውን የድንች መሸጫ ሳጥን፣ ሰው በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ አረንጓዴ እስኪበራ የሚጠብቀውን ትራክተር። ይህን አያምንም፣ በዚህ ይስቃል፣ በዚህ ይከራከረኛል እያልኩ።

ሚስቴም ተለወጠች። መንገድ ስስት ዝም ትላለች። ዓሣ ሲቀርብ እሾሁን ለቅማ ሳህኔ ላይ ታደርግልኛለች። መወልወያ ሳነሣ ከእጄ ወስዳ፣ «አንተ ተቀመጥ» ትለኛለች። ስዊድኖች ሐዘናቸውን ቀይ ቀለም የሚቀቡ ሕዝብ ናቸው የሚል ንድፈ ሐሳብ አውጥቼ ነበር፤ እቤት ቢሆን ሦስት ቦታ የምትበሳው ሐሳብ ነው። «ልክ ሳትሆን አትቀርም» አለችኝ። መኪና ውስጥ ሙዚቃ ስከፍት ቀስ ብላ ትዘጋዋለች፤ «ዝምታው ይሻላል» ትላለች። ጥቁር ሹራብ ብቻ መልበሷንም አይቻለሁ፤ ያምርባታል አልኩ በሆዴ። ፍቅር ዕረፍት ሲያገኝ ራሱ ይመለሳል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን የመሰለ የረከሰ ሐሳብ በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ባገኘው እስቅበት ነበር።

ስልኮቹን ያጠፋን ዕለት ማታ አሮጊቷ ኬክ ይዘው መጡ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሲወጡ ትንተናዬን ጀመርኩ።

«አየሻቸው? ፈረንጅ አፍሪካዊ ሲያይ የሚታየው የድሮ የረሃብ ሥዕል ነው። ይኸው በኬክ ሊያስታግሱልን!»

«ብላው» አለች ሚስቴ። «ብላው ብቻ።»

በማግስቱ ጠዋት ስንነሣ ባንዲራው እንጨቱ መካከል ላይ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል።

«ማን ሞቶባቸው ነው?»

«እንጃ። የሚያውቁት ሰው ይሆናል።»

«ጠይቂያቸዋ፣ ከአንቺ ጋር ይግባባሉ።»

«ሰው ሐዘኑን አይጠየቅም።»

ወንበር አውጥቼ ከባንዲራው ሥር ተቀመጥኩ። ነፋስ ስላልነበረ ጨርቁ እንደ ታጠበ ነጠላ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ከዚያ እዚያው ተቀምጬ፣ ሚስቴ ፊቴ ቆማ፣ ንግግር አደረግሁ። ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው አልኳት። ሰው ሞተ፣ ገመድ ተሳበ፣ አላፊ አግዳሚው አወቀ። በር የሚያንኳኳ የለም፣ የሚንሾካሾክ የለም፣ ሰውን እንደ በግ አታሎ የሚጎትት የለም። እኛ ግን ሞትን እንደ ኮንትሮባንድ እናሳልፋለን። «እዚህ አገር እንኳን ሰው፣ እንጨት መርዶ ይነግራል!» አልኩ፤ አባባሌ ስለጣመኝ ደገምኩት።

ሚስቴ ገብታ የታጠቡትን ኩባያዎች እንደገና አጠበች። ስትወጣ፣ «ወደ ቤት እንመለስ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ደከመኝ። ቤቴ ናፈቀኝ።»

«በስንት ዓመቴ ከአንቺ ጋር ደስ ቢለኝ ወዴት ነው የምንመለሰው? እንዲያውም እንጨምር!»

ጨመርን። እሷ የመጦሪያ ሽማግሌዎቿን በምታይበት ዓይን አየችኝና መኪና ውስጥ ገባች። ስንወጣ አሮጊቷ ግቢው ውስጥ ቆመው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። እኔ ጡሩምባ ነፋሁላቸው፤ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ሠርግ መኪና። ከዚያ ፊቴን ወደ ሰሜን አዞርኩ፣ ከፍራንክፈርትም ከአዲስ አበባም ይበልጥ ወደሚያርቀኝ።

መንገዱ ሐይቅ ሲያጋጥመው ቢጫ መርከብ መጥታ መኪናህን ተሸክማ ታሻግርሃለች፤ የሚያስከፍል የለም። ይህንን ለወንድሜ የወሬዬ ዘውድ አድርጌ አስቀመጥኩት። የመጨረሻው ማረፊያችን የድሮ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከክፍያው ጋር አንዲት ጀልባ ትሰጣለች። ስለ መቅዘፍ ብዙ አንብቤያለሁ። ሚስቴን አስቀምጬ፣ ኃይል የሚመጣው ከጀርባ እንጂ ከክንድ አይደለም እያልኩ ስቀዝፍ ጀልባዋ ባለችበት ዞረች፤ እንደገና ዞረች። አንዱ መቅዘፊያ ከእጄ አምልጦ ሄደ። ንግግሬን ሳላቋርጥ በጀርባችን ደንገል ውስጥ ገባን፤ አንዲት ዳክዬ ተቆጥታ ወጣች።

ሚስቴ ሳቀች። መጀመሪያ አፏን ይዛ፣ ኋላ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጀርባህን ተጠቀም!» እያለች። ልጃችን ከተወለደች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ተወሰነ አልኩ በልቤ፤ እንኖራለን።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኋት። «ታዲያ፣ አብረን መኖር እንችላለን?»

መንገዱን እያየች፣ «መጀመሪያ ቤት እንግባ» አለች።

በገባን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ብዙ እግር ሆኖ አንድ ለመምሰል የሚሞክር ድምፅ ነው። ከላያችን ለምትኖር ሴት መርዶ ሲደርስ እኔም ከኋላ ሆኜ በዚያው ደረጃ ወጥቻለሁ። ዞር ስል ሚስቴ ለብሳ ጨርሳለች። ወንበሮቹ ግድግዳ ይዘው ተደርድረዋል፤ እኔ ተኝቼ ደርድራቸዋለች።

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን ይዘው ቀድመው ገቡ። ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጡ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች። ስዊድን ሰው የለም ብዬ ነበር፤ ሰው ሁሉ እዚህ ኖሯል።

«ልጄ፣ ጋሼህ አርፏል» አሉኝ። «እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«መቼ?»

ወንበር አቀረቡልኝ።

«አባቴ፣ መቼ ነው?»

«ቆይቷል። እሱ ይደርሳል፤ አሁን አልቅስ።»

ማልቀስም ተራ አለው። ወደ ሚስቴ ዞርኩ። «የመጀመሪያው ቤት ሳለን ነው?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም።

«ባንዲራው ያለበት?»

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያን ሳይ እንጨቱ፣ ኬኩ፣ ትከሻዬ ላይ የቆየው እጅ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣ። «ባንዲራው የማን ነበር?» አልኩ። ጮኼ ነበር መሰለኝ።

«ምን ባንዲራ ነው የሚለው?» አለች አንዲት ሴት። «ውኃ ስጡት እባካችሁ።»

«የእሱ ነበር» አለች ሚስቴ። «ስልኩን ስዘጋ አሮጊቷ አዩኝ፤ ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። መንገር ነበረብኝ።»

ስለዚህ ወንድሜ ሲሞት በጽሑፍ የለመንኩትን የፈጸሙልኝ አማርኛ የማያነቡ አሮጊት ብቻ ናቸው። በሰዓቱ ነገሩኝ፤ ከራሴ በላይ ሰቅለው ነገሩኝ። እኔ ከሥሩ ወንበር ዘርግቼ ስለ ሥልጣኔ ስናገር ሳላነበው ቀረሁ።

ለቀስተኛው ሄዶ ሁለታችን ስንቀር የተጠራቀመው ወጣ።

«ጽፌ ነበር! በግልጽ አማርኛ ጽፌ ነበር!»

«ስትጽፈው ሰው አልሞተብህም ነበር።»

«ሠልስቱን፣ ሰባቱን በጀልባ ስጫወት አሳለፍኩት!»

«እንመለስ አልኩህ፤ ወደ ሰሜን ነዳህ። መኪና ውስጥ ልንገርህ? በዚያ ፍጥነት? ጋሼ ራሱ ቢሆን ‘መሪ ይዟል፣ ተዪው’ ይለኝ ነበር።»

ይህ ያናደደኝ እውነት ስለሆነ ነው። ብሎኝ ነበርና። ሰውየው ከመሞቱ በፊት ለሚስቴ ጠበቃ ቆሞላት ሄዷል።

ግን እኔን የሚበላኝ ሌላ ነበር። እሾህ የለቀመችው ለሐዘንተኛ ነው፤ መወልወያውን የነጠቀችኝ ለሐዘንተኛ ነው፤ ልክ ሳትሆን አትቀርም ያለችው ለሐዘንተኛ ነው። ባል ነኝ ብዬ የበላሁት ሁሉ የለቅሶ እንጀራ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ሳልጠይቅ ማለፍ አቃተኝ።

«ጀልባዋ ላይስ? ያ ሳቅ? ያም ለእኔ ተብሎ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ለአንድ ሳምንት እንዴት እንደምትችልበት አይቻለሁ።

«ያኔ ረስቼው ነበር» አለች።

የጠየቅሁትን አገኘሁ። ከዚያ ጉዞ አንድ እውነተኛ ነገር ወጣልኝ፤ እሱም ወንድሜ የተረሳበት ደቂቃ ነው። ላመስግናት ወይስ ልጥላት እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

እሁድ ከሰዓት፣ በመደወያዬ ሰዓት፣ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጬ አገኘችኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ «በል፣ ለእሱ ያጠራቀምከውን ንገረኝ» አለች።

«አብረሽኝ ነበርሽ እኮ። አይተሽዋል።»

«ምንም አላየሁም።»

ስለ ቢጫዋ መርከብ ጀመርኩላት። በነጻ ነው የምታሻግረው ስል አቋረጠችኝ። «ምኑ ነው ነጻ? ከግብራቸው ይቆረጣል። ነጻ የሚባል ነገር የታለ?» ያኔውኑ ተነሣሁባት፤ እሷም ተነሣችብኝ። እስኪመሽ ተጨቃጨቅን።

አብረን መኖር እንችል እንደሆነ ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። እየኖርን ነው። ያን ሳምንት ግን ማንም እንዲመልስልኝ አልሻም። አሁን ማዕድ ላይ አንድ ነገር ተናግሬ ሚስቴ ዝም ብላ ከተስማማች ጉርሻዬን ትሪው ላይ እመልሳለሁ።

«ማን ሞተ?» እላታለሁ።

«ማንም። ብላ» ትለኛለች።

እኔ ግን መጀመሪያ ዓይኗን አያለሁ።